በገጠር ተማሪ ቤት ፊት መታጠብን ስለ ማስለመድ

ማዝ የሚባለው የዓይን ደዌ፣ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት፣ በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው። ሕፃን ደጋግሞ ሲያዝ የዓይኑ ቆብ በውስጥ በኩል ጠባሳ ያበጃል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ብርሃኑን ያጠፋል። ከልጆች ጋር የሚውሉት እናቶች ናቸውና ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት ይታወራሉ።

የዓለም ጤና ጉባኤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ዓመት ይህን ደዌ እስከ 2020 ድረስ ለማጥፋት ወስኖ ነበር፤ ሥራው ስላላለቀ ቀጠሮው ወደ 2030 ተላለፈ። በአማራ ክልል ደዌው በጸናባቸው ወረዳዎች መድኃኒቱ ለሕዝቡ በየዓመቱ ሲታደል ኖሯል፤ ነገር ግን ተሐዋሲው በእጅ፣ በልብስና በዝንብ ስለሚተላለፍ፣ መድኃኒት የዋጠ ልጅ ፊቱ ካልጸዳ እንደ ገና ይያዛል። ስለዚህ ብዙው ሥራ በአስተማሪው እጅ ወድቋል።

ችግሩም ከትምህርቱ አይደለም፤ ልጆች ቃሉን በአንድ ቀን ይይዙታል። ችግሩ ውኃው ነው። እናት ከሩቅ ምንጭ በእንስራ ተሸክማ ያመጣችውን ውኃ ለመጠጥና ለወጥ ብትቈጥበው ስንፍና ሊባል አይገባም። ይህን ያላሰበ አስተማሪ ፊቱ ያልታጠበውን ልጅ በሰልፍ ፊት አቁሞ ያሳፍረዋል፤ ልጁም በማግሥቱ ታጥቦ በመምጣት ፈንታ ከነጭራሹ ይቀራል። ሌላውም በቅን አሳብ አንድ ፎጣ ገዝቶ ልጆቹን ሁሉ ያብስበታል፤ በዚያው ፎጣ ደዌው ከዓይን ወደ ዓይን ይዛወራል። የታጠበ ፊት በነፋስ ቢደርቅ ይሻላል።

ደግሞም ፊት ለማጠብ የሚበቃው ውኃ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ከታች በኩል በምስማር የተበሳና በስንጥር የተወተፈ ጀሪካን በበሩ አጠገብ ቢሰቀል፣ ውኃው እንደ ክር እየወረደ አንዱ ሊትር ለብዙ ልጆች ይዳረሳል። ውኃውን በየተራ ማን እንደሚያመጣ ግን አስተማሪው ብቻውን ሊወስን አይገባውም፤ ከሽማግሌዎች ጋር ሳይመክር ቢያዝዝ ሸክሙ ሁሉ በሴቶች ልጆች ላይ ይወድቃል፤ ለትምህርት የመጡትም ውኃ ሲቀዱ ይውላሉ።

የዝንቡም ነገር አለ። ዓይን ላይ ማረፍ የምትወደው ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው በሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው እንጂ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ ተማሪ ቤቱ የመጸዳጃ ጕድጓድ ያሻዋል፤ ለሴቶች ልጆች የተለየ በር ካልተደረገለት ግን አይገቡበትም፤ ወደ ሜዳው ይመለሳሉ። ጕድጓዱን የሚቈፍረው የመንደሩ ሰው ነው፤ ቦታውንም በክረምት ውኃው የት እንደሚተኛ፣ ጎርፉም በየት እንደሚያልፍ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከምንጩ አርቀው ይመርጡለታል።