ሪላክሰር ካቆማችሁ በኋላ ፀጉራችሁ ለምን ይበጠሳል?

«ሪላክሰር ካቆምኩ ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ተስፋ ቆርጦ መመለስ የሚመጣውም እዚህ ጋ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሪላክሰር የፀጉርን የውስጥ ማያያዣ ሰብሮ ነው የሚያለሰልሰው። የተሠራው ፀጉር ምንም ቢቀባ ወደ ጥንቱ አይመለስም። ከሥር የሚበቅለው ግን የራሳችሁ ከርዳዳው ፀጉር ነው፣ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ደካማ ስለሆነ እዚያው ላይ ይበጠሳል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለስላሳውን መቁረጥ ይሻላል። ካሳሳችሁ ጫፍ ጫፉን እያስቆረጣችሁ ጠብቁ፤ በዓመት ለጎፈሬ የሚበቃ ይወጣል። እስከዚያ ፔይስትራ ይቅር። ሹሩባም ግንባር ላይ አይጥበቅ። ስታበጥሩ በኮንዲሽነር አርሳችሁ፣ በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር።

ቅቤስ? ጥሩ ነው፤ ግን እርጥበት ይይዛል እንጂ አይተካም። ስለዚህ ደረቅ ፀጉር ላይ ሳይሆን እርጥቡ ላይ ቀቡት።