በመተማ ቆላ ስለሚቃጠለው የሰሊጥ አገዳ

መተማ በታሪክ የታወቀችው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ የወደቁባት ስፍራ በመሆኗ ነው፤ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ መባሏ ከዚሁ የተነሣ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን ስሟ ይበልጡን የሚነሣው በሰሊጥ ነው። በሽንፋና በጓንግ ወንዞች አካባቢ ባለው ዋልካ መሬት ላይ የሚበቅለው ሰሊጥ ለባላገሩ ኑሮው፣ ለመንግሥትም የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነው።

ይሁን እንጂ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው ቆሞ ደርቆ ፍሬው ከተራገፈ በኋላ፣ አገዳው በየማሳው ተከምሮ ይቀርና ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ብዙ ጊዜ እሳት ይለቀቅበታል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ከስንፍና አይደለም፤ እሳት ዋጋ አይጠይቅም፣ ተባይና የአረም ዘር ይገድላል፣ በቆላውም የቀን ሠራተኛ ውድ ነው።

ነገር ግን የሚነደው ነገር ምን እንደሆነ መመርመር ይገባል። ከደረቀ ተክል ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ይህንንም ተክሉ ያገኘው ከአየር ነው። አገዳው በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ ከፊሉ ወደ አየር ይመለሳል፤ የቀረው ግን ከአፈሩ ጋራ ተዋሕዶ ብዙ ዘመን ይቀመጣል፣ ውሃም ይይዛል፣ ለሥርም ምግብ ይሰጣል። በእሳት ጊዜ ግን ካርቦኑም ናይትሮጅኑም በጢስ ይሄዳሉ፤ የተረፈውን አመድ ነፋስና የሰኔ ጎርፍ ይወስደዋል። በዓለም አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን በአየርና በዕፀዋት ሁሉ ካለው ተደምሮ እንኳ ይበልጣል። ፈረንሳይም በ2008 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የአየር ጠባይ ጉባኤ ጊዜ፣ በአፈር ያለው ካርቦን በየዓመቱ ከሺህ አራት እጅ እንዲጨምር የሚል አሳብ ያቀረበችው ስለዚህ ነው።

የዋልካ ጥቁረት ብዙ ሰው ያታልላል፤ ጥቁር መሬት ሁሉ የሰባ አይደለም። ይልቁንም በቆላ ሙቀት ብስባሽ ቶሎ ስለሚያልቅ በየጊዜው መተካት አለበት። ካህናት ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ዛፎች ሥር ቅጠል ሲወድቅበት የኖረውን አፈር ዘግኖ ከአጥሩ ውጪ ካለው የማሳ አፈር ጋራ ማስተያየት ይበቃል።

በትግራይ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋራ በ1988 ዓ.ም. በጀመሩት ሥራ፣ ብስባሽ የተጨመረበት ማሳ ምንም ካልተጨመረበት እጅግ የበለጠ እህል ሰጥቷል። ያ አገር ግን ደጋ ነው፤ የመተማው የሰሊጥ አገዳ እንጨትነት ስላለው ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም። ፋንድያና እርጥብ አረም ሊቀላቀልበት ይገባል። ፋንድያውም አይታጣም፤ በክረምት ከጭልጋና ከደምቢያ ወገን ብዙ ከብት ወደ ቆላው ይወርዳልና። ሙቀቱ እርጥበትን ስለሚያደርቅ ብስባሹ ከምድር በላይ ከሚከመር በጕድጓድ ቢዘጋጅ ይሻላል፤ ጕድጓዱም ምድር ሳትደርቅ በመስከረም ተቆፍሮ አረሙና ፋንድያው ቢገባበት፣ አገዳው በኅዳር ይደርስለታል።

ከሁሉ የሚከብደው የመሬቱ ውል ነው። ማሳን ለአንድ ክረምት ብቻ የተከራየ ሰው፣ ጥቅሙ በሦስተኛው ዓመት ለሌላ ሰው የሚደርሰውን ብስባሽ ቅበር ቢሉት አይሰማም፤ ባይሰማም አይፈረድበትም። የወረዳው ሹማምንት ውሉ የብዙ ዓመት እንዲሆን ቢያደርጉ፣ አገዳ አለማቃጠልንም በውሉ ቃል ውስጥ ቢያስገቡ፣ ተከራዩም ባለመሬቱም ጕድጓዱን ለመቆፈር ምክንያት ያገኛሉ።