የእጅ ራዲዮ ለሥራችሁ ስትገዙ፦ ከዋጋው በፊት ቦታውን ተመልከቱ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር በብዛት የሚደርሰኝ ጥያቄ «ለሠራተኞቻችን ዎኪ ቶኪ ልንገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቻችሁ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ናችሁ፤ ፓርኪንግ የምታስተዳድሩ፣ አዳራሽ የምታከራዩ፣ ምግብ ቤት የከፈታችሁ። እዚህ አገር ፓርኪንግ የስንቱ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያ እንጀራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔም ከመሬት በታች ባለ ጋራዥ ሠራተኛ የማሰማራው በራዲዮ ስለሆነ የማውቀውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ባጭሩ፣ የራዲዮ ሥራ የሚሰምረው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ለቦታው የሚስማማ ሞገድ፣ ሕግ የሚፈቅደው ቻናልና ሁሉም ሠራተኛ የተስማማበት አነጋገር። የዕቃው ዓይነትና ዋጋ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

▪️ ስልክ እያለ ራዲዮ ለምን?

ስልክ አንድን ሰው ከአንድ ሰው ያገናኛል። ቁጥር መፈለግ፣ መደወል፣ እስኪነሳ መጠበቅ አለ። በራዲዮ ግን ቁልፉን ተጭናችሁ ስትናገሩ ድምፃችሁ በአንድ ጊዜ የሁሉም ጆሮ ይደርሳል። ገንዘብ ተቀባይዋ «መውጫው ላይ መኪና ቆሟል» ስትል፣ ታች ያለው ሹፌርም ሰምቶ ሌላ መኪና ከማስነሳት ይቆጠባል። ለእሱ ለብቻው የሚነግረው ሰው አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት ኔትወርክ ነው። ወደ ምድር ቤቱ በወረዳችሁ ቁጥር ስልኩ እየደከመ ይሄዳል፤ ፒ 3 (ሦስተኛው ምድር ቤት) ላይ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይሠራም። ላይም ቢሆን ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ስልክ ሲያነሳ መስመሩ ይጨናነቃል። ኦገስት 23 ቀን 2011 በቨርጂኒያ የተነሳው 5.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ዲሲን ሲያናውጥ ሰው ከየሕንፃው ወደ ጎዳና ወጣ፣ የሞባይል መስመሩም በጥሪ ብዛት ተጨናንቆ ብዙዎች ቤተሰባቸውን ማግኘት አቃታቸው። የእጅ ራዲዮ ከሌላው ራዲዮ ጋር በቀጥታ ስለሚነጋገር የማንንም ኩባንያ ማማ አይጠብቅም።

▪️ ሞገዱን የሚመርጠው ቦታው ነው

ለሥራ የሚሸጡ የእጅ ራዲዮዎች ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ቪ ኤች ኤፍ የሚባለው በ150 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ፣ ዩ ኤች ኤፍ ደግሞ በ460 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ይሠራል። የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመት ሁለት ሜትር ገደማ ሲሆን የሁለተኛው 65 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አጭሩ ሞገድ በበር፣ በደረጃና በመኪና መውረጃው ክፍተት በቀላሉ ሾልኮ ይገባል። ስለዚህ ለጋራዥ፣ ለሆቴል፣ ለአዳራሽና ለምግብ ቤት ዩ ኤች ኤፍ ምረጡ። ቪ ኤች ኤፍ የሚሻለው ሜዳ ላይ ነው፤ ለእርሻ፣ ለሰፊ ግቢና ዛፍ ለበዛበት ቦታ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን «35 ማይል» አትመኑ። ያ ቁጥር አንዱ ሰው ተራራ ጫፍ፣ ሌላው ሸለቆ ሆነው በመካከላቸው ምንም ሳይጋርዳቸው የሚገኝ ነው። እናንተ ዘንድ ያለው በብረት የታሰረ ኮንክሪት፣ የአሳንሰር ጉድጓድና በመቶ የሚቆጠር የመኪና ቆርቆሮ ነው። ዋት መጨመርም የሚታሰበውን ያህል አይረዳም፤ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉን አራት እጥፍ ማሳደግ ይጠይቃል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ከሻጩ ሁለት ራዲዮ በሙከራ ወይም በኪራይ ውሰዱና ቦታውን በእግር ፈትሹት። አንድ ሰው ገንዘብ መቀበያው ጋ ይቀመጥ፣ ሌላው ከላይ እስከ ታች እየወረደ ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠር። ከአሳንሰሩ ጀርባ፣ ከደረጃው ውስጥ፣ ከፓምፕ ክፍሉ አጠገብ ቆም ይበል። የሕንፃውን ንድፍ ወረቀት ላይ አውጡና «ጥርት ያለ»፣ «የሚቆራረጥ»፣ «የማይሰማ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ይህን የምትሠሩት ጋራዡ በመኪና በሞላበት ሰዓት ይሁን፤ ባዶ ጋራዥ ያታልላል። ብዙ ጊዜ የላይኛውን ሰው ወደ መውረጃው ሁለት እርምጃ ማስጠጋት ብቻ የማይሰማውን ጥግ ይከፍተዋል።

▪️ ፈቃድ፦ ይህን አትዝለሉት

እዚህ አሜሪካ ሞገዱን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ ነው። ሰዎች ለንግድ ሥራ የሚያስቧቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው፦

1. ኤፍ አር ኤስ። ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ለንግድም ይፈቀዳል። 22 ቻናሎች አሉት፤ ከ8 እስከ 14 ያሉት ግማሽ ዋት፣ ቀሪዎቹ እስከ 2 ዋት ናቸው። አንቴናው ከራዲዮው የማይፈታ መሆን አለበት። ለትንሽ ምግብ ቤትና ለአንድ አዳራሽ ይበቃል።

2. ሙርስ። ይህም ያለ ፈቃድ ነው። በቪ ኤች ኤፍ ላይ አምስት ቻናሎች፣ እስከ 2 ዋት። ከቤት ውጭ ለሚሠራ ሥራ ይመቻል።

3. ጂ ኤም አር ኤስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 35 ዶላር ከፍሎ ለ10 ዓመት የሚወሰደው ይህ ፈቃድ የሚሰጠው ለግለሰብ ሲሆን የሚያገለግለውም ለእሱና ለቤተሰቡ ነው። ለድርጅት አዲስ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሠራተኞቻችሁን በእናንተ ፈቃድ ማናገር አይቻልም።

4. የንግድ ፈቃድ፣ በሕጉ ክፍል 90 የሚባለው። ድርጅቱ በራሱ ስም ያመለክታል፣ አስተባባሪ ድርጅት ለአካባቢው የሚስማማ ፍሪኩዌንሲ ይመርጥለታል፣ ፈቃዱም ለ10 ዓመት ይጸናል። ወጪው በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ነገር ግን 4 ወይም 5 ዋት ያለው ራዲዮና ሪፒተር (ከታች አብራራዋለሁ) የምትጠቀሙት በዚህ መንገድ ነው። ራዲዮ ሻጮቹ ብዙ ጊዜ ማመልከቻውን ይሞሉላችኋል።

በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡትን፣ በብዙ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ የሚያስተላልፉትን ራዲዮዎች ገዝቶ እንዲሁ መክፈት ግን ለአደጋ መጋለጥ ነው። ሳታውቁት የሌላ ፈቃድ ያለው ድርጅት መስመር ውስጥ፣ ይባስ ብሎም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መስመር ውስጥ ልትገቡ ትችላላችሁ። «የገዛሁት ፍሪኩዌንሲው ተሞልቶ ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

▪️ ሲገጠም የሚስተካከሉ ነገሮች

ሁሉም ራዲዮ አንድ ቻናልና አንድ ኮድ ላይ መሆን አለበት። ይህ «ፕራይቨሲ ኮድ» የሚሉት ነገር ስሙ ያሳስታል። ራዲዮው ከድምፃችሁ በታች ጆሮ የማይለየው ስስ ድምፅ ይጨምራል፤ የእናንተ ራዲዮዎች ያን ድምፅ ካልሰሙ ስፒከራቸውን አይከፍቱም። ስለዚህ ኮዱ የሌሎችን ወሬ ከእናንተ ጆሮ ይከለክላል እንጂ የእናንተን ወሬ ከሌሎች አይሰውርም። የሁለት ፋብሪካ ራዲዮ ከቀላቀላችሁ ደግሞ የኮዱ ቁጥር አንድ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መመሪያው ላይ በኸርዝ የተጻፈው መጠን መመሳሰሉን አረጋግጡ።

የማስተላለፊያ ጊዜ ገደብ ካለው 60 ሴኮንድ ላይ አድርጉት። መኪና የሚያመጣ ሠራተኛ ሲቀመጥ የራዲዮው ቁልፍ ከወንበሩ ወይም ከቀበቶው ሥር ተጭኖ ይቀርና ቻናሉን በሙሉ ይዘጋዋል፤ ሌላው ሰው ቢጮህ አይሰማም። ገደቡ ካለ ራዲዮው በራሱ ያቆማል። በድምፅ ብቻ የሚከፈተውን ቪ ኦ ኤክስ አጥፉት፤ በጋራዥ ውስጥ የሞተር ድምፅ ሁሉ ይከፍተዋል። የቁልፍ ሰሌዳውንም ቆልፉት።

▪️ አነጋገሩ፦ ዋናው ነገር

እኛ ሰላምታ እናበዛለን፤ ከፊት ለፊት ሲሆን ደስ ይላል። ራዲዮ ላይ ግን «እንደምን አደርክ፣ ሰላም ነህ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ሲባል መስመሩ ተይዞ ሌላው ሰው ይታገዳል። ሰላምታውን ፈረቃ ስትረካከቡ ጨርሱት።

በስም መጥራትም ሌላ ችግር አለው። ቡድኑ ውስጥ ጋሼ የምንላቸው፣ እትዬ የምንላቸው አሉ፤ ወጣቱ በባዶ ስማቸው መጥራት ይከብደዋል፣ ማዕረጉን ሲጨምር ደግሞ ይረዝማል። እኛ ዘንድ የሠራው መፍትሔ ሰውን በቆመበት ቦታ መጥራት ነው፦ ፊት በር፣ ካሸር፣ ፒ 2፣ ፒ 3። መልሱም «ይቀጥሉ» ነው። ለወንድም ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል፤ ማንም አይቀየምም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቁልፉን ተጫኑ፣ አንድ ሴኮንድ ያህል ጠብቁ፣ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ቀጥሎ ራሳችሁን ጥሩ። ሳትጠብቁ ከተናገራችሁ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም የተጠሪው ስም ነው፣ ስለዚህ ማንም አይመልስም።

— ፊት በር፣ ፒ 3 ነኝ።
— ፒ 3፣ ይቀጥሉ።
— ቲኬት አራት፣ አንድ፣ ስድስት፣ ዜሮ። ግራጫ ካምሪ። እየወጣ ነው።
— አራት፣ አንድ፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ ግራጫ ካምሪ። ገባኝ።

ቁጥሩ ለምን አንድ በአንድ እንደተነገረ ልብ በሉ። «ሠላሳ» እና «ስልሳ» በራዲዮ ሲሰሙ አይለዩም፤ «ሰባ» እና «ሰባት»ም እንደዚሁ ናቸው። 4160 የተባለው 4130 ሆኖ ከተሰማ የሌላ ሰው መኪና ወጥቶ ደንበኛው ፊት ይቆማል። ቁጥርን አንድ በአንድ መናገርና ተቀባዩ መልሶ እንዲደግመው ማድረግ ይህን ያስቀራል።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ከተጫነ አንዱ ወይም ሁለቱም አይሰሙም፤ ስለዚህ ጆሮ ሰጥታችሁ መስመሩ ነፃ መሆኑን እወቁ። ማይኩን ከአፍ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ አትጩኹ፤ ጩኸት ድምፁን ያበላሸዋል እንጂ አያርቀውም። መኪና እየነዳችሁ አታውሩ።

▪️ በራዲዮ የማይነገር

መስመሩን ማንም ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ የተሰበሰበ ገንዘብ መቼና በማን እጅ እንደሚወጣ፣ የደንበኛ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የበር ኮድ፣ ካሸሯ ብቻዋን መሆኗ በጭራሽ አይነገርም። ለእንዲህ ዓይነቱ «ፊት በር፣ በአካል ይምጡ» የሚል አንድ ቃል ተስማሙ።

▪️ ባትሪና አያያዝ

ባትሪ ቀኑን ይውላል የሚባለው ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ማስተላለፍ፣ 5 በመቶ መቀበል፣ 90 በመቶ ዝም ብሎ መጠበቅ ተብሎ ተሰልቶ ነው። በተጨናነቀ ምሽት ይህ ስሌት አይሠራም፤ ለሁለት ሰው አንድ ትርፍ ባትሪ ያዙ። እያንዳንዱን ራዲዮ ቁጥር ለጥፉበት፣ ፈረቃ ሲቀየር በፊርማ ተረካከቡ። በአንቴናው ይዛችሁ አታንጠልጥሉት፤ መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው። ድምፅ በሚቆራረጥበት ጥግ ራዲዮውን ከወገብ አውጥታችሁ አንቴናውን ቀጥ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት፤ ሰውነት ራሱ ሞገዱን ይውጠዋል።

▪️ ተጨማሪ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ፈትሻችሁ ሰፊ የማይሰማ ቦታ ከቀረ ሪፒተር አስቡ። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተቀብሎ በሌላ ፍሪኩዌንሲ አጉልቶ የሚያስተላልፍ ሣጥን ሲሆን የንግድ ፈቃድ ይፈልጋል። ዲጂታል የሆነው ዲ ኤም አር ድምፁን እስከ መጨረሻው ጥርት አድርጎ ያመጣና ሲደክም ድንገት ይጠፋል፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲም ሁለት የተለያየ ንግግር ያስተናግዳል። በሲም ካርድ የሚሠሩት ራዲዮዎች ከዲሲ እስከ ባልቲሞር ለተበተነ ሥራ ጥሩ ናቸው፤ ግን ወርሃዊ ክፍያ አላቸው፣ ስልክ በማይሠራበት ፒ 3 ውስጥም አይሠሩም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አገር ቤት ላለው ሆቴል ወይም እርሻ ራዲዮ በሻንጣ ከታችሁ አትላኩ። በኢትዮጵያ ሞገድ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ያለ ፈቃድ የመገናኛ ራዲዮ ማስገባት ዕቃውን ማስያዝ ብቻ ሳይሆን በሕግም ያስጠይቃል። መጀመሪያ ድርጅቱ እዚያው ፈቃዱን ይጨርስ።

በመጨረሻም ለባለቤቶችና ለማናጀሮች አንድ ነገር ልበል። ራዲዮ ስትገዙ ቆጠራውን ከቢሮ አትጀምሩ። መጀመሪያ ሊሰጠው የሚገባው ሌሊት ፒ 3 ላይ ብቻውን የሚሠራው ሰው ነው። ቢወድቅ፣ ቢታመም ወይም ሰው ቢያስፈራራው ስልኩ አይሠራለትም። በየሰላሳ ደቂቃው ካሸር «ፒ 3፣ ደህና?» ብላ ትጥራው፤ ካልመለሰ ሰው ይውረድ። ይህን ደንብ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ገንዘብ መቀበያው ላይ ለጥፉት፣ አዲስ ሠራተኛም በመጀመሪያው ቀን ይማረው።

የቦታችሁን ስፋትና የፎቁን ብዛት ከጻፋችሁልኝ ከየትኛው መጀመር እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ።