የተወጋችው ላም ደሟን ከየት ትተካለች?

በደቡብ ኦሞ ቆላ በጋው ሲጠና ላሞች ይነጥፋሉ፤ የጎተራው ማሽላም እየተሟጠጠ ይሄዳል። ሙርሲዎች፣ ቦዲዎችና ኛንጋቶሞች እንዲህ ባለው ጊዜ ከከብቶቻቸው ደም ይቀዳሉ። የላሟ አንገት ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር የደም ሥሯ ይወጠራል፤ ጠልቃ እንዳትገባ ተደርጋ በተሠራች ፍላጻም ከቅርብ ይወጋል። ደሙ በቅል ይቀዳና ለብቻው ወይም ከወተት ጋር ተደባልቆ ይጠጣል። ማሰሪያው ሲላላ መፍሰሱ ያቆማል፤ ላሟም ወደ መንጋዋ ተመልሳ ሣሯን ትግጣለች።

ጎብኚ ካሜራውን የሚያነጣጥረው ፍላጻዋ ላይ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በላሟ አጥንት ውስጥ የሚካሄደው ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም ከ15 እስከ 20 ሊትር ደም አላት። ጥቂቱ ሲቀዳ ውሃማው ክፍል ቶሎ ይተካል፤ ቀዮቹ የደም ሕዋሳት ግን እንደ አዲስ መሠራት አለባቸው። የኦክስጅን ማነስን ቀድመው የሚያውቁት ኩላሊቶቿ ናቸው። ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ወደ ደሟ ይለቃሉ፤ ሆርሞኑ የአጥንት መቅኒ ሲደርስ የቀይ ሕዋሳት ምርት ይፋጠናል። በእኛም ሰውነት ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ደም የለገሰ ሰው ሦስት ወር ጠብቆ ድጋሚ የሚለግሰው ለዚህ ሥራ ጊዜ ለመስጠት ነው።

የምርቱ ምንጭ ግንደ ሕዋስ ይባላል። አብዛኛው የሰውነታችን ሕዋስ አንድ ሙያ ይዞ የሚኖር ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ኦክስጅን ይሸከማል፣ በሰው ሰውነት ውስጥ 120 ቀን ገደማ ያገለግላል፣ ዘር ሳይተካ ይሞታል። ግንደ ሕዋስ ግን ገና ሙያ አልያዘም። ሲባዛ ከልጆቹ አንዳንዱ እንደ እርሱ ግንደ ሕዋስ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላው ሙያ እየለመደ ወደ ሥራ ይሰማራል። ወይፈኑን ዲመካ ገበያ አውርዶ የሚሸጥ፣ ጊደሯን ግን የማይነካ አርብቶ አደር መንጋው እንደማያልቅበት ማለት ነው። ጤናማ ሰው በዚህ መንገድ በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቀይ የደም ሕዋሳት ይሠራል።

ይህ ምንጭ መኖሩን በሙከራ ያሳዩት ጄምስ ቲልና ኧርነስት ማካሎክ የተባሉ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1961 ነበር። መቅኒያቸው በጨረር ለሞተባቸው አይጦች የጤነኛ አይጥ መቅኒ ሲሰጧቸው ደማቸው እንደገና መሠራት ጀመረ። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስ ደግሞ የመቅኒ ንቅለ ተከላን ለደም ካንሰር ሕክምና አብቅተው እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የግንደ ሕዋስ ሕክምና ዛሬም በጽኑ የቆመው በዋናነት በደም፣ በቆዳና በዓይን ብሌን ላይ ነው። የጉልበት ሕመምን፣ ስኳርን፣ የተጎዳ ኅብለ ሰረሰርን በአንድ መርፌ እንፈውሳለን እያሉ በብዙ ሺህ ዶላር የሚያስከፍሉ ክሊኒኮች በየአገሩ አሉ። ቤቱን ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ ወደዚያ ሊሄድ የተነሣ ሰው ካለ አስቀድሞ በሙያው የታወቀ ሐኪም ያማክር። ልብና አንጎል የሞተባቸውን ሕዋስ የሚተኩት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ እነርሱን በግንደ ሕዋስ የመጠገን ተስፋ አሁንም በአብዛኛው በምርምር ላይ ይገኛል።

ወደ ቆዳ እንምጣ። የላይኛው የቆዳ ንብር ከሥሩ ባሉት ግንደ ሕዋሳት አማካይነት በየወሩ ገደማ ይታደሳል። ለዚህ ነው ቀላል ጭረት ደብዛው የሚጠፋው። ቁስሉ ወደ ታችኛው ንብር ከዘለቀ ግን ሰውነት ይቸኩላል፤ ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ክር ደርድሮ ቀዳዳውን ይደፍናል። የፀጉር ሥርና የላብ ዕጢ አይመለሱም፤ የሚቀረው ጠባሳ ነው። በሐመር ብሔረሰብ ዘንድ ወጣቱ ለአቅመ አዳም መድረሱን በሚያስመሰክርበት የከብት ዝላይ ቀን እህት ለወንድሟ ያላትን ፍቅር ለማሳየት የተቀበለችው የአለንጋ ምት በጀርባዋ ላይ ዕድሜ ልክ የሚነበበው ለዚህ ነው። በአካባቢው ቆዳን በእሾህ አንስቶ በምላጭ በመቁረጥ ጌጥ የሚያወጡ እጆችም ይህን ጥልቀት ያውቁታል። በጣም ላይ ላዩን ቢቆርጡ ጌጡ ይጠፋል፤ በጣም ቢያጠልቁ ጉዳት ያደርሳሉ። ቁስሉ ላይ የሚታሸው አመድ ሥጋው እንደተቆጣ እንዲቆይ ስለሚያደርግ ጠባሳው ከፍ ብሎ ይወጣል።

ሁሉም አጥቢ እንስሳ ግን እንዲህ አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ድንጋያማ ቆላ፣ በአገራችን ደቡብም ጭምር፣ የጀርባ ፀጉራቸው እንደ እሾህ የሚቆም አይጦች ይኖራሉ። አሽሊ ሳይፈርትና ባልደረቦቹ ኬንያ ውስጥ ያጠኗቸው የዚህ ወገን አይጦች አዳኝ ሲይዛቸው የጀርባ ቆዳቸውን ጥለው ያመልጣሉ፤ ቆዳው ከነፀጉሩ መልሶ ይበቅላል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታተመ ወዲህ እነርሱ የሚችሉትን እኛ ለምን እንዳቃተን በብዙ ቤተ ሙከራዎች ይመረመራል።

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ የሚወጡ የሙርሲ ሴቶች ከንፈርም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ሲሆናት እናቷ ወይም ሌላ ሴት የታችኛውን ከንፈሯን ትበሳዋለች። ቁስሉ እስኪድን ሦስት ወር ያህል በእንጨት ውታፍ ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ውታፉ በትልልቅ እየተተካ ይሄዳል። እስከ 12 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሰፋ ገል የሚያደርጉ አሉ። ከንፈሩ የማይቀደደው ተለጥጦ ብቻ ስላልቀረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የብራሰልስ ተመራማሪዎች በአይጥ ቆዳ ላይ እንዳሳዩት ቆዳ ቀስ ብሎ ሲወጠር ግንደ ሕዋሳቱ ራሳቸውን ያበዛሉ፤ አዲስ ቆዳ ይሠራል። ገሉ ሲወልቅ ከንፈሩ ወደ ቀድሞው መጠኑ የማይሰበሰበውም አዲሱ ሥጋ የራሷ ሆኖ ስለቀረ ነው። ቀዶ ሐኪሞች ቆዳ ለጎደለው ሰው ከጤነኛው ቆዳ ሥር ፊኛ ቀብረው ቀስ በቀስ በመንፋት የሚጠቀሙት በዚሁ ባሕርይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን፣ ቦኹም ውስጥ በዘር በሽታ ቆዳው የተገፈፈ የሰባት ዓመት ሶርያዊ ስደተኛ ልጅ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ጣሊያናዊው ሚኬሌ ደ ሉካና ባልደረቦቹ ከልጁ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ወስደው፣ የተበላሸውን ዘረመል አስተካክለው፣ በቤተ ሙከራ አሳድገው 80 በመቶ የሚሆነውን ገላውን አለበሱት። ቆዳው ጸንቶ የቆየው በመካከሉ በነበሩ ጥቂት ግንደ ሕዋሳት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ተመለሰ።

እንዲህ ያለው ቤተ ሙከራ ከኦሞ ሸለቆ ሩቅ ነው፤ እሳት ግን በየጎጆው መካከል ይነድዳል፣ ሕፃናትም ይቃጠላሉ። ቃጠሎው ላይ ላዩን ከሆነ በፀጉር ሥር የተረፉት ግንደ ሕዋሳት ወጥተው ቆዳውን ይሸፍኑታል። እነርሱም ካለቁ የሚበቅል አይኖርም። ስለዚህ የተቃጠለ ልጅ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ቁስሉ ይታጠብ፤ ቅቤ፣ ጭቃ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ቃጠሎው ጥልቅ ሆኖ ሐኪም ከጭኑ ስስ ቆዳ ልጦ ቢለጥፍለት፣ የተላጠው ጭን በሁለት ሳምንት ገደማ ቆዳውን መልሶ ያወጣል፤ ምላጩ የፀጉሩን ሥር አልነካበትምና።