የመኪናዎ መብራት ውሃ ቋጥሯል? ሲሊኮኑን ከማንሳትዎ በፊት ይህን ያንብቡ

የመኪናው የፊት መብራት ውስጥ ውሃ የገባበት ሰው ወዳጆቹን ቢያማክር የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ዙሪያውን ሲሊኮን ለቅልቅበት»። ጋራዥ ቢሄድ ደግሞ «ሙሉውን መቀየር አለበት» ይባላል። የመጀመሪያው ምክር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያብሰዋል፤ ሁለተኛው ኪስ ያራቁታል። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ በታክሲና በኡበር ሌሊቱን ሲሽከረከር ለሚያድር ወገን ጉዳዩ የመኪና ቁንጅና አይደለም። ውሃ የቋጠረ መብራት ብርሃኑን ይበትነዋል። የራስዎን መንገድ ያደበዝዛል፣ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። በቨርጂኒያ በየዓመቱ፣ በጀርመን በአብዛኛው በየ2 ዓመቱ በሚደረገው የመኪና ምርመራም መብራት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል መኪኖች የሚገጠምላቸው መብራት ክሩ፣ አንፀባራቂውና መስታወቱ አንድ ላይ የታሸገ ነበር። ሲቃጠል አውጥቶ መጣል ነው። አምፑሉ ብቻ የሚቀየርለት መብራት በ1983 ተፈቀደ፤ የ1984ቱ ሊንከን ማርክ 7 ይዞት ወጣ። ከዚያ ወዲህ መስታወት የምንለው ነገር ፕላስቲክ ሆነ፤ ከኋለኛው ቤት ጋር የሚገናኘውም በማጣበቂያ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የዛሬው መብራት አየር እንዳይገባው ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ይተነፍሳል። ተራ የሃሎጅን አምፑል 55 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የሚበዛው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መብራቱ ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋል፣ ሲጠፋ ቀዝቅዞ ይሰበሰባል። ለዚህም ከኋላው ትናንሽ መተንፈሻዎች አሉት፤ አንዳንዱ የታጠፈች የጎማ ቱቦ ናት፣ አንዳንዱ አየር እያሳለፈች የውሃ ጠብታ የማታስገባ ስስ ሽፋን ናት። እነዚህን በሲሊኮን የደፈነ ሰው መብራቱን አፍኖታል ማለት ነው። የሞቀ መብራት ዝናብ ወይም የላቫጆ ውሃ ሲያርፍበት ድንገት ይቀዘቅዝና አየር መሳብ ይጀምራል። መተንፈሻው ከተዘጋ በደከመው መጋጠሚያ በኩል ውሃውን ራሱን ይስባል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ጤዛ ነው ወይስ ውሃ?» የሚለው ነው። በብርድ ጠዋት ወይም ከእጥበት በኋላ በአንድ ጥግ የሚታይ ስስ ጉም፣ መብራቱ በርቶ ጥቂት ከተነዳ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ፣ ምንም አያሳስብም። ጠብታ ሆኖ የሚወርድ፣ ከታች የተጠራቀመ ወይም ለቀናት የማይለቅ ከሆነ ግን ቀዳዳ አለ። በርካታ አምራቾችም ለጋራዦቻቸው በሚሰጡት መመሪያ ይህንኑ ልዩነት ያደርጋሉ። መኪናዎ ገና ዋስትና ላይ ከሆነ ጠብታው በግልጽ የሚታይበትን ፎቶግራፍ አንስተው ይሂዱ፤ «የተለመደ ነው» ብለው እንዳይመልስዎት።

የኤልኢዲ መብራት ትንሽ ለየት ይላል። ወደ ፊት የሚልከው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ ጤዛው ቶሎ አይለቅም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ዘመድ ከዚያ ፎቶ ልኮ «አዲሱ መኪናዬ መብራቱ አላበው» ቢልዎት፣ ጠብታ ከሌለው ጥቂት ቀን ይጠብቅ ይበሉት። የኤልኢዲ መብራት ሙሉው ሲቀየር ከሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል፤ ተቻኩሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ቀዳዳው አለ ካልን ፍለጋው ከርካሹ ይጀመር። ኮፈኑን ከፍተው ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ክዳን ይመልከቱ። አምፑል የቀየረ ሰው ክዳኑን ሳይመልሰው፣ ወይም የጎማውን ቀለበት አጣሞ ገጥሞት ሊሆን ይችላል። በተለይ ከፋብሪካው ያልሆነ የኤልኢዲ አምፑል የገጠሙ ሰዎች አልዘጋ ሲላቸው ክዳኑን ጥለውት ይሄዳሉ። ይህ ከሆነ መድኃኒቱ የጥቂት ዶላር ክዳን ነው። ቀጥሎ በጠጠር የተሰነጠቀ ቦታ፣ የተሰበረ ማሰሪያ፣ በጭቃ የተደፈነ መተንፈሻ ይፈልጉ። እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ ፀሐይ ለዓመታት የቆመ መኪና ደግሞ ማጣበቂያው ደርቆ ይሰነጣጠቃል።

ካልተገኘ መብራቱ ይወለቃል፤ በብዙ መኪኖች ባምፐሩን ማላቀቅ ይጠይቃል። ዜኖን ከሆነ ግን እጅዎን ይሰብስቡ፤ ሲነሳ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ስለሚያመነጭ ለባለሙያ ይተዉት። ሃሎጅን ከሆነ አምፑሉን በጣትዎ ሳይነኩ ያውጡና ውስጡን በፀጉር ማድረቂያ፣ በአነስተኛ ሙቀት ያድርቁ። አንፀባራቂውን በጨርቅ አይጥረጉ፤ ላዩ ላይ ያለው እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ቅብ ነው፣ ከተላጠ አይመለስም። ከደረቀ በኋላ የኋላ ቀዳዳዎቹን ለጊዜው በፕላስተር ይሸፍኑ፣ መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ይቀቡ፣ በአንዷ መተንፈሻ በኩል በቀጭን ቱቦ በአፍዎ ቀስ ብለው ይንፉ። አረፋ የሚያወጣው ቦታ ጠላትዎ ነው። ኮምፕሬሰር አያስፈልግም፤ ደህናውን መጋጠሚያም ይከፍተዋል።

አሁን ሲሊኮኑ ተራ ደረሰው፤ ለዚያች ቦታ ብቻ። አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ዓይነት ግን አይግዙ፤ ሲደርቅ የሚተነው አሲድ የአንፀባራቂውን ቅብ ይበላዋል። አሲድ የሌለው መሆኑ የተጻፈበትን ይምረጡ። ከላይ ከመለቅለቅ ይልቅ መስታወቱን ፈቶ እንደገና ማጣበቅ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ማጣበቂያው ቡቲል የሚባለው፣ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ጥቁር ነገር ከሆነ በሙቀት ይለቃል። ደርቆ የሚቀረው ዓይነት ከሆነ ግን ሲፈቱት ፕላስቲኩን ይሰብራል። ከታች በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥቶ ውሃውን ማፍሰስም የተለመደ ዘዴ ነው፤ የወጣው ውሃ ተመልሶ አቧራ ይዞ ይገባል።

በፕላስተር የሸፈኑትን መተንፈሻ መክፈትዎን አይርሱ። መብራቱ ተመልሶ ሲገጠም ጨረሩ ከቦታው ሊዛነፍ ስለሚችል ማታ ላይ መኪናውን ሜዳ ላይ፣ ከግድግዳ 25 ጫማ ያህል ርቀው ያቁሙትና አጭሩን መብራት ያብሩ። የተነካው ወገን ከሌላኛው ከፍ ብሎ ከታየ ከጀርባው ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን በካቻቢቴ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያውርዱት።