በምስል የሚመራ የፕሮስቴት ናሙና ምርመራ፦ ከምሥራቅ አዲስ አበባ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች፣ ከአንጀት የመጨረሻ ክፍል ፊት ለፊት የሚገኝና የሽንት ቧንቧን እንደ ቀለበት ዙሪያውን የያዘ የወንዶች ዕጢ ነው፤ በጎልማሳነት መጀመሪያ 20 ግራም ገደማ ይመዝንና ዕድሜ በገፋ ቁጥር በብዙዎች ላይ እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ዕድገት በአብዛኛው የሚከሰተው የሽንት ቧንቧውን በቅርብ በከበበው የዕጢው መካከለኛ ክፍል ሲሆን፣ ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የዕጢውን 70 በመቶ ያህል በሚይዘው፣ ወደ አንጀቱ በተጠጋው የውጭ ክፍል ነው። ስለዚህ ሽንት ያስቸገረው ሰው ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ ካንሰሩም በበኩሉ ከሽንት ቧንቧው ርቆ ስለሚጀምር ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሁለቱን በእርግጠኝነት ለመለየት ከዕጢው ላይ በመርፌ ጥቃቅን ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመልከት ያስፈልጋል። ይህ አሠራር ባዮፕሲ ወይም የናሙና ምርመራ ይባላል፤ መርፌው የሚያርፍበት ቦታ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ ምስል ሲወሰን ደግሞ በምስል የሚመራ ባዮፕሲ ይሆናል።

በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 1.47 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር እንደያዛቸው የተገመተ ሲሆን፣ ከሳንባ ካንሰር ቀጥሎ በወንዶች ላይ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው። በኢትዮጵያም በወንዶች ላይ ጎልተው ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ ይበልጥ እንደሚጠቁ ደጋግሞ ቢነገርም፣ ጥናቶቹ በአመዛኙ የተሠሩት የዘር ሐረጋቸው ከምዕራብ አፍሪካ በሚመዘዝ ሰዎች ላይ በመሆኑ ቁጥሩን እንዳለ አንሥቶ ለኢትዮጵያዊ መስጠት ጥንቃቄ የጎደለው ይሆናል።

ምስል ከመምጣቱ በፊት ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ዕጢውን በጣቱ ይዳስስና የጠነከረ ቦታ ሲያገኝ መርፌውን በዚያው ጣት እየመራ ይወጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጃፓናዊው ሐኪም ሂሮኪ ዋታናቤ በፊንጢጣ በኩል የሚገባ አልትራሳውንድ ለዚህ ዕጢ ሥራ ላይ አዋለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ስቴሚና ባልደረቦቹ፣ በጣት የሚዳሰስ እብጠት ቢኖርም ባይኖርም ከዕጢው ግራና ቀኝ ከ6 የተወሰኑ ቦታዎች ናሙና መውሰድን አስተዋወቁ። ቁጥሩ ኋላ ወደ 10 እና 12 ከፍ ብሎ አሠራሩ በመላው ዓለም ተለመደ። ጣት የሚመራው ናሙና ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ መሣሪያው በሌለበት ሆስፒታል ዛሬም ይሠራበታል። የ12 ቦታው ዘዴ ዋና ጉድለት አልትራሳውንድ የእርሻውን ድንበር እንጂ እንክርዳዱን ለይቶ የማያሳይ መሆኑ ነው፤ ሐኪሙ ዕጢውን ከዳር እስከ ዳር ያየዋል፣ ካንሰሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያየውም፤ ስለዚህ አደገኛውን ክፍል ስቶ ምንም የማይጎዳውን ትንሽ ካንሰር ሊያገኝ ይችላል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣው ከናሙናው በፊት የሚነሣው ኤምአርአይ ነው። ኤምአርአይ በጨረር ሳይሆን በኃይለኛ መግነጢስ የሚሠራ ሲሆን፣ የዕጢውን ሥጋ ጥግግት፣ የውኃ እንቅስቃሴውንና የደም አቀባበሉን በየፈርጁ ያሳያል። የምስል ሐኪሙ የተጠረጠረውን ቦታ ፓይ-ራድስ በሚባለው ሚዛን ከ1 እስከ 5 ይመዝነዋል፤ 1 እና 2 ጥርጣሬው ዝቅተኛ መሆኑን፣ 3 ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አለመቻሉን፣ 4 እና 5 ደግሞ ናሙና መወሰድ እንዳለበት ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ፕሮሚስ የተባለው የብሪታንያ ጥናት 576 ወንዶችን መርምሮ፣ ኤምአርአይ አደገኛ ካንሰር ካለባቸው 93 በመቶውን ሲጠቁም የተለመደው የአልትራሳውንድ ናሙና 48 በመቶውን ብቻ እንዳገኘ አሳይቷል። በዓመቱ የወጣው ፕሪሲዥን የተባለ ጥናትም 500 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ኤምአርአይ እንዲነሡና ካስፈለገ ዒላማ ተይዞ ናሙና እንዲወሰድላቸው ከተመደቡት 38 በመቶዎቹ፣ በተለመደው መንገድ ከተመረመሩት ደግሞ 26 በመቶዎቹ ሕክምና የሚሻ ካንሰር እንደተገኘባቸው ዘግቧል፤ ሊታከም የማያስፈልገው ዓይነትም በመጀመሪያው ቡድን ዘንድ ያነሰ ነበር።

ምስሉ መርፌውን የሚመራባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ታካሚው ኤምአርአይ መሣሪያው ውስጥ እንደተኛ የሚወሰደው ሲሆን፣ ውድና ጊዜ የሚፈጅ ነው። ሁለተኛው ቀድሞ የተነሣውን ኤምአርአይ በኮምፒውተር አማካይነት ከአልትራሳውንዱ ጋር አዋህዶ ዒላማውን ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ነው። ሦስተኛው ሐኪሙ የኤምአርአይ ምስሉን አጥንቶ ዒላማውን በአእምሮው ይዞ፣ አልትራሳውንዱን እያየ የሚወጋበት መንገድ ነው። የመጨረሻው ከሐኪሙ ልምድ በቀር ተጨማሪ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የመሣሪያ እጥረት ባለበት አገር ክብደት ሊሰጠው የሚገባውም፣ ብዙ ጊዜ የሚናቀውም ይኸው ነው።

ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ ስንመጣ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከቦሌ መድኃኔዓለም በሃያ ሁለትና በመገናኛ አድርጎ እስከ ገርጂ፣ ሲኤምሲና አያት ባለው አካባቢ፣ ማለትም በቦሌ፣ በየካና እ.ኤ.አ. በ2020 በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች፣ ብዙ የግል ሆስፒታሎች፣ የምርመራ ማዕከላትና ላቦራቶሪዎች ይገኛሉ። ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገርጂ ይሠራል፤ በየካ በኩል ደግሞ አንጋፋው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። የካንሰር ሕክምናው ግን ለረጅም ጊዜ የተማከለው ከከተማው መሐል ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በዚህ የተነሣ አንድ የሰሚት ነዋሪ የደም ምርመራውን በአንድ ላቦራቶሪ፣ ኤምአርአዩን በሌላ ማዕከል፣ ናሙናውን በሦስተኛ ሆስፒታል፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን በአራተኛ ቤት ሊያገኝ ይችላል። የኤምአርአይ ውጤት በአንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ለሐኪሙ ከደረሰ ዒላማው የት እንዳለ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ስለዚህ ምስሎቹ ሙሉ በሙሉ የተቀዱበትን ሲዲ ከማዕከሉ መቀበልና በናሙናው ቀን ይዞ መገኘት የምርመራው አካል እንጂ ተራ ጣጣ አይደለም። በምስል መመራት የሚያስገኘው ጥቅም በአብዛኛው የሚጠፋው በእነዚህ ቤቶች መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው።

ታካሚውን ወደ ናሙና የሚያደርሰው የመጀመሪያው ደጃፍ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤስኤ የተባለው የደም ምርመራ ነው። ፒኤስኤ ዕጢው የሚያመነጨው ፕሮቲን ሲሆን፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ4 ናኖግራም ማለፉ ለብዙ ዘመን የጥርጣሬ ወሰን ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ መጠኑ በካንሰር ብቻ አይጨምርም፤ የዕጢው ተፈጥሯዊ ማደግ፣ የሽንት ኢንፌክሽንና የሽንት ማስወጫ ቱቦ መግባትም ከፍ ያደርጉታል። ይህ በኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው፤ ብዙ ወንዶች ሕመሙን ደብቀው ቆይተው ሽንታቸው ፈጽሞ ሲታገድ በድንገተኛ ክፍል ቱቦ ይገባላቸውና በዚያው ሰሞን ፒኤስኤ ይታዘዝላቸዋል። እንዲህ የተገኘ ቁጥር ታካሚውን ያስደነግጠው ይሆናል እንጂ ብቻውን ለናሙና መነሻ ሊሆን አይገባውም፤ ኢንፌክሽኑ ታክሞ ሳምንታት ካለፉ በኋላ መደገም ይኖርበታል። በአንጻሩ ለዕጢ ማበጥ የሚታዘዘው ፊናስተራይድ የተባለው መድኃኒት ለወራት ሲወሰድ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ ሐኪሙ ታካሚው የሚወስደውን ሁሉ ካላወቀ ዝቅተኛው ቁጥር ሊያታልለው ይችላል።

ዝግጅቱን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ይቀድማሉ። የመጀመሪያው ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች ናቸው፤ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬልና የመሳሰሉትን የሚወስድ ሰው መቼ እንደሚያቋርጥ ወይም እንደማያቋርጥ የሚወስነው ያዘዘለት ሐኪም እንጂ ራሱ አይደለም፤ የልብ ቧንቧ ማስፋፊያ የገባለት ሰው በራሱ ውሳኔ ቢያቋርጥ ከደም መፍሰሱ የባሰ አደጋ ሊገጥመው ይችላል። ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው። በፊንጢጣ በኩል ሲወጋ መርፌው የአንጀቱን ግድግዳ ስለሚያልፍ ባክቴሪያ ወደ ዕጢውና ወደ ደም ይዞ ሊገባ ይችላል፤ በዚህ መንገድ ከተመረመሩ 100 ሰዎች ከ1 እስከ 4 የሚደርሱት ከባድ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው የተለያዩ ጥናቶች ያሳያሉ። ለመከላከያ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው፤ ነገር ግን ይህ መድኃኒት ለተቅማጥም ለሽንት ማቃጠልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከየመድኃኒት ቤቱ ሲገዛ በኖረበት ከተማ የአንጀት ባክቴሪያዎች ተላምደውት ቢገኙ አያስደንቅም። በቅርብ ወራት አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ይህን መናገሩ፣ ካስፈለገም የአንጀት ናሙና ተመርምሮ የሚሠራው መድኃኒት እንዲመረጥ ማድረጉ ይጠቅማል። በፊንጢጣና በዘር ከረጢቱ መካከል ባለው ቆዳ በኩል የሚወሰደው ናሙና አንጀቱን ስለማይነካ ከባድ ኢንፌክሽን እምብዛም አያስከትልም፤ የአውሮፓ የሽንት ሕክምና ማኅበርም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚመርጠው ይህንኑ ነው።

የናሙናው ሰዓት ራሱ ከሚፈራው ያነሰ ነው። በፊንጢጣ በኩል ሲሆን ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ በቆዳ በኩል ሲሆን ደግሞ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹ ከፍ ይደረጋሉ። የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለውና በቅባት የለሰለሰ የአልትራሳውንድ ዘንግ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ደስ የማይል የመወጠር ስሜት የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ በዕጢው ዙሪያ ባሉ ነርቮች አጠገብ ማደንዘዣ ይወጋል። ናሙና የሚወስደው መርፌ በስፕሪንግ የሚተኮስ በመሆኑ በእያንዳንዱ ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ድምፁ ያስደነብራልና ሐኪሙ አስቀድሞ ቢያሰማው መልካም ነው። በየጊዜው የሚወጣው ሥጋ እንደ ክር የቀጠነና ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነው። ከተጠረጠረው ቦታ ጥቂት ናሙናዎች ይወሰዱና ብዙ ጊዜ ከቀረው የዕጢው ክፍል ደግሞ የተለመዱት ይጨመራሉ። ሁሉም ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በአካባቢ ማደንዘዣ ሲሠራ አልጋ መያዝ አያስፈልግም፤ ሙሉ ማደንዘዣ ከተመረጠ ግን ቀድሞ መጾምና አብሮ የሚሄድ አስታማሚ ማዘጋጀት ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽንት ለጥቂት ቀናት ደም መቀላቀሉ፣ በሰገራ ላይ ጥቂት ደም መታየቱ፣ የዘር ፈሳሽም ለሳምንታት ቀይ ወይም ቡናማ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። የመጨረሻውን ሐኪሞች ሳይናገሩት፣ ታካሚዎችም ሳይጠይቁት ስለሚያልፉ ብዙ ትዳር ውስጥ አላስፈላጊ ጭንቀት ይፈጥራል። ሽንት እንዲጠራ ውኃ በብዛት መጠጣት ስለሚመከር፣ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ወይም ረመዳንን የሚጾም ሰው የቀጠሮውን ቀን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ቢመክርበት ይሻላል። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት፣ ሽንት ጨርሶ መታገድ ወይም የረጋ ደም መውጣት ግን በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው፤ እቤት የተረፈ ኪኒን ወስዶ ማደር የደም ኢንፌክሽንን ያባብሳል። ከአያት ወይም ከቦሌ ቡልቡላ የመጣ ሰው ሌሊት ቢያተኩሰው ወዴት እንደሚሄድ ከናሙናው ክፍል ሳይወጣ ማወቅ አለበት።

ሥጋው ፎርማሊን ባለበት ዕቃ ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ዕቃውን ይዞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ የታካሚው ስም ብቻ ሳይሆን ናሙናው ከየትኛው የዕጢው ክፍል እንደተወሰደ ካልተጻፈበት፣ በኤምአርአይ የታየው ቦታ ካንሰር ሆኖ መገኘቱን ወይም አለመገኘቱን ማንም ሊናገር አይችልም፤ ያን ሁሉ ወጪ ያስከተለው ምስልም በአንድ ያልተጻፈ ወረቀት ምክንያት ከንቱ ይሆናል። ካንሰር ሲገኝ የፓቶሎጂ ሐኪሙ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካዊው ዶናልድ ግሊሰን ስም በሚጠራው ሚዛን ይመድበዋል፤ 3 ሲደመር 3 ዝቅተኛው ሲሆን፣ 4 እና 5 የሚባሉት የሥጋ ቅርጾች በበዙ ቁጥር በሽታው እየከፋ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ ለታካሚ በሚገባ መልክ ከ1 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች ተጠቃሏል። ደረጃ 1 የሆነ ሰው ወዲያው ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ላያስፈልገው ይችላል፤ ፕሮቴክት በተባለው የብሪታንያ ጥናት በአብዛኛው ዝቅተኛ ደረጃ ካንሰር የነበራቸው 1,643 ወንዶች 15 ዓመት ያህል ተከታትለው ሲታዩ፣ በክትትል ብቻ የቆዩትም የታከሙትም 97 በመቶ ያህሎቹ በፕሮስቴት ካንሰር አልሞቱም ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ልጆች ሐኪሙን ለብቻው አግኝተው ለአባታቸው እንዳይነገር የሚለምኑበት ልማድ አለ። በፍቅር የሚደረግ ቢሆንም፣ ክትትልንና ሕክምናን መምረጥ የሚችለው የሚያውቅ ሰው ብቻ ስለሆነ በዚህ በሽታ ላይ ጉዳቱ ያመዝናል። ካንሰር አልተገኘም የሚለው መልስም መዝጊያ አይደለም፤ ኤምአርአዩ 4 ወይም 5 ሰጥቶ ናሙናው ባዶ ከሆነ፣ ዒላማው ተስቶ እንደሆነ ምስሉንና የናሙናውን ቦታ አስተያይቶ ማጣራት ይገባል። ጥርጣሬው ዝቅ ያለ ሲሆን ግን ፒኤስኤውን በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ መለካት ይበቃል፤ የየቤቱ መሣሪያ የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ስለሚችል በዚያው በመጀመሪያው ላቦራቶሪ።