የተዛምዶ መለኪያ በጅቡቲ ሙቀት፣ ወደብና ፍራንክ፦ ተረትና እውነታ

ሁለት ነገሮች አብረው ሲጨምሩና አብረው ሲቀንሱ፣ ወይም አንዱ ሲጨምር ሌላው ሲቀንስ፣ ይህንን አካሄድ በአንድ ቁጥር ለመግለጽ በስታቲስቲክስ ውስጥ የተዛምዶ መለኪያን ወይም ኮሪሌሽን ኮኤፊሸንትን ያህል የተሠራበት መሣሪያ የለም፤ ከአቅሙ በላይ እንዲናገር የሚገደድም እንደ እርሱ የለም። ሐሳቡን በ1888 ያቀረበው እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበትን ቀመር በ1890ዎቹ ያደላደለው ካርል ፒርሰን ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቀመሩ በቃል ሲነገር አስቸጋሪ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከወገኑ አማካይ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለካል፣ የጥንዶቹ ርቀቶች እርስ በርስ ተባዝተው ይደመራሉ፣ ድምሩም የሁለቱ ወገኖች ስርጭት፣ ማለትም ቁጥሮቻቸው ከአማካያቸው ግራና ቀኝ የሚበተኑበት መጠን፣ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱ ከ-1 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ይህ ቁጥር የት ድረስ እንደሚታመንና የት እንደሚያሳስት ለማየት ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ ማስተማሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ተረት፦ መለኪያው ወደ ዜሮ ከተጠጋ በሁለቱ ነገሮች መካከል ዝምድና የለም።

እውነታ፦ መለኪያው የሚመዝነው ቀጥተኛ መስመርን የሚከተል ዝምድናን ብቻ እንጂ ዝምድናን ሁሉ አይደለም። በጅቡቲ ከተማ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለው የየወሩ አማካይ ሙቀት ሲጠጋጋ 25፣ 26፣ 27፣ 29፣ 31፣ 34፣ 36፣ 36፣ 33፣ 29፣ 27 እና 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ኻምሲን የሚባለው ደረቅና አሸዋ አዘል ነፋስ ከመሀል አገር የሚነፍስበትን ወቅት የሚያውቅ የከተማዋ ነዋሪ የወሩን ስም ብቻ ሰምቶ ሙቀቱን ሳይሳሳት ይገምታል፤ ስለዚህ በወርና በሙቀት መካከል ያለው ዝምድና ጠንካራ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ወራቱ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተሰጥቷቸው የተዛምዶ መለኪያው ሲሰላ የሚገኘው 0.19 ብቻ ነው።

ምክንያቱ ስሌቱን ቀረብ ብለው ሲመለከቱት ይገለጣል። የወራቱ ቁጥር አማካይ 6.5፣ የሙቀቱ አማካይ ደግሞ 29.8 ያህል ነው። ጃንዋሪ ከወራቱ አማካይ በ5.5፣ ከሙቀቱም አማካይ በ4.8 ያህል ዝቅ ስለሚል የሁለቱ ብዜት ወደ 26.6 የሚጠጋ አዎንታዊ ቁጥር ይሆናል፤ ዲሴምበር ግን ከወራቱ አማካይ በ5.5 ከፍ ብሎ ሳለ ሙቀቱ እንደ ጃንዋሪ ሁሉ በ4.8 ዝቅ ስለሚል ያንኑ የሚያህል አሉታዊ ብዜት ይሰጣል፤ ሁለቱም እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሁለቱም አዎንታዊ ብዜት ከሚሰጡት ከኤፕሪልና ከሴፕቴምበር በቀር፣ ከፌብሩዋሪና ከኖቬምበር ጀምሮ ያሉት ጥንዶችም በከፊል እንዲሁ ይጣፋሉ። ዓመቱ ለሁለት ቢከፈል ግን፣ ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ያሉት ሰባት ወራት 0.98፣ ከኦገስት እስከ ዲሴምበር ያሉት አምስቱ -0.99 ይሰጣሉ። ያው ከተማ፣ ያው ዓመት፣ ያው ሙቀት ሆኖ ሳለ፣ የመረጃው መጀመሪያና መጨረሻ የት ላይ እንደተቆረጠ ብቻ ቁጥሩን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ ጫፍ ያሻግረዋል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 ባሳተመው አጭር ጥናት መለኪያቸው 0.816 አካባቢ የሆነ አራት የቁጥር ስብስቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በግራፍ ሲሳሉ አንዱ ቀጥ ያለ አዝማሚያ፣ ሌላው ጎባጣ፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ከመንጋው በተነጠለች አንዲት ነጥብ የተበላሹ መሆናቸውን አሳይቷል። ግራፉን ሳይስል መለኪያውን የሚያሰላ ሰው ስለ መረጃው ገና ምንም አላወቀም።

ተረት፦ 0.8 የ0.4 እጥፍ ጥንካሬ አለው።

እውነታ፦ አንዱ ወገን የሌላውን መለዋወጥ በቀጥተኛ መስመር ምን ያህል ይገልጻል የሚለውን የሚመልሰው የመለኪያው ካሬ ነው። 0.8 በራሱ ሲባዛ 64 በመቶ፣ 0.4 በራሱ ሲባዛ 16 በመቶ ስለሚሆን፣ ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው።

ተረት፦ መለኪያው ወደ 1 ከቀረበ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው።

እውነታ፦ ከ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ፊቱን ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ያዞረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚያ ያልፋል። የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል በ2009፣ የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በ2017 ሥራ ጀምረዋል፤ የሚራገፈው ጭነትም በእነዚያ ዓመታት እጅግ አድጓል። በዚያው ዘመን የዶላር ዋጋ በብር ሳያቋርጥ ወጥቷል፤ እስከ 1992 ድረስ 2.07 ብር የነበረው ዶላር በዚያ ዓመት 5 ብር ገብቶ፣ በጁላይ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን እስከተደረገበት ጊዜ ድረስ ሽቅብ ሄዷል። እንዲህ ያሉ ከዓመት ዓመት የሚያድጉ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ከፍተኛ መለኪያ ቢሰጡ አያስደንቅም፤ የብር መርከስ ወደቡን አሳደገው ብሎ መደምደም ግን ጦርነቱን፣ የሕዝቡን ቁጥር መጨመርና የግንባታውን መስፋፋት ሁሉ ደብቆ ማለፍ ነው።

ይህንን ወጥመድ ከመቶ ዓመት በፊት ያጋለጠው የስታቲስቲክስ ሊቁ ኡድኒ ዩል ነበር። በ1926 ባሳተመው ጥናት፣ ከ1866 እስከ 1911 በእንግሊዝና በዌልስ ከተፈጸሙት ጋብቻዎች ውስጥ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙት ያላቸው ድርሻና የሞት መጠኑ 0.9512 የሚደርስ ተዛምዶ እንዳላቸው አሳየ፤ በቤተ ክርስቲያን መጋባት ሰው ይገድላል የሚል ግን ማንም የለም፣ ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት ከዘመኑ ጋር እየቀነሱ መጡ እንጂ። የመጀመሪያው ማጣሪያ ቀላል ነው፤ በጥሬው ቁጥር ፈንታ ከአንዱ ዓመት ወደ ቀጣዩ የታየው ለውጥ ተወስዶ መለኪያው እንደገና ይሰላል። ምንዛሪው ዘልሎ በወጣበት ዓመት ጭነቱም አብሮ ካልዘለለ፣ የመጀመሪያው ከፍተኛ ቁጥር ከጊዜ መንጎድ የመጣ እንጂ ከሁለቱ ግንኙነት የመጣ አልነበረም።

ተረት፦ ገንዘቡ በየትኛውም አገር ምንዛሪ ቢተመን መለኪያው አይለወጥም።

እውነታ፦ ይህ እምነት ግማሹ እውነት በመሆኑ ይበልጥ ያሳስታል። ቁጥሮች ሁሉ በአንድ በማይለወጥ አዎንታዊ ቁጥር ሲባዙ መለኪያው ባለበት ይቆያል። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የተቆራኘ፣ ከ1973 ወዲህም አንዱ ዶላር በ177.721 ፍራንክ የጸና በመሆኑ፣ የወደብ ገቢን ከዶላር ወደ ፍራንክ የቀየረ ሰው ገቢው ከጭነቱ ጋር ያለውን ተዛምዶ በቅንጣት አይለውጠውም። ወደ ብር የቀየረው ግን የየዓመቱን ገቢ በየዓመቱ በሚለያይ ቁጥር ስላባዛው፣ የብርን ታሪክ ከወደቡ ታሪክ ጋር ቀላቅሎ ሌላ መለኪያ ያገኛል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ስሕተት አለ። የዶላር ዋጋ በፍራንክ ከወደቡ ጭነት ጋር ያለው ተዛምዶ ምን ያህል ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ዋጋው ስለማይንቀሳቀስ ዜሮ ነው የሚል መልስ ይሰነዘራል። 177.721 ግን በየዓመቱ ከአማካዩ ጋር እኩል ስለሆነ ስርጭቱ ዜሮ ነው፤ ቀመሩም በዜሮ ማካፈልን ስለሚጠይቅ ትርጉም አይኖረውም። ኤክሴልም በዚህ ጊዜ የስሕተት ምልክት እንጂ ቁጥር አያወጣም። ዜሮ ማለት ሁለቱም ወገኖች እየተንቀሳቀሱ በቀጥተኛ መስመር አለመገናኘታቸው ታየ ማለት ነው፤ እዚህ ግን አንደኛው ፈጽሞ ያልተንቀሳቀሰ ስለሆነ የታየ ነገር የለም፣ በሠንጠረዡ ላይም ያ ቦታ ምክንያቱ ተጽፎበት ባዶውን ይተዋል።